አንድ ገመድ፣ ሁለት አንቴና

ሙሀመድየሱፍን ፋሲሎ ሰፈር ውስጥ የማያውቀው የለም። ቴሌቪዥኑ የጠፋበት፣ ባትሪው አልሞላ ያለው፣ የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ የተንጫጫበት ሁሉ ወደ ሱቁ ይመጣል። ጎረቤቶቹ ግን «ባለ ምሰሶው» እያሉ ነው የሚጠሩት። ከግቢው መሐል፣ ከማንጎውም ከውኃ ታንከሩም በላይ፣ የቱቦ ብረት ምሰሶ ተክሏል፤ በወጣሪ ሽቦ ተይዞ ንፋስ በመጣ ቁጥር ያፏጫል።

ነገሩ የጀመረው በወጣትነቱ ነው። አዲስ አበባ ቴክኒክ ሊማር በሄደ ጊዜ አንድ ጓደኛው የሬዲዮ አማተሮች ክበብ ይዞት ገባ። እዚያ አንዱ ማይክሮፎን ይዞ ስሙንና ያለበትን አገር ተናገረ፤ ትንሽ ቆይቶ ከባሕር ማዶ አይቶት የማያውቅ ሽማግሌ መለሰለት። ያወሩት ስለ ዝናብ ነበር። ሙሀመድየሱፍን ያን ቀን የለከፈው ነገር እስከ ዛሬ አልለቀቀውም። ትምህርቱን ጨርሶ ወደ አባቱ ሱቅ ከተመለሰ በኋላ ለሬዲዮ ፈቃዱ ዓመታት ተመላለሰ፤ ሬዲዮውን ከተጣለ ዕቃ ለቃቅሞ ሠራው። ሚስቱ መሪየም ሬዲዮውን «ጣውንቴ» ትለዋለች። ከጣውንቷ ጋር ሲያወራ እየሰማች ትስቃለች እንጂ ከፍቷት አያውቅም።

አንድ ክረምት ግን ከፋት። ምሰሶው ጫፍ ላይ ሁለት አንቴናዎች አሉ። አንደኛው ቀጥ ብሎ የቆመ ዘንግ ነው። ድምፅን አርቆ ይወረውራል፤ ጣሊያንና ህንድ ያደርሳል፤ ቅርብ ያለውን አገር ግን ዘሎት ያልፋል። ሁለተኛው ከምሰሶው ጫፍ ተነሥቶ ወደ ግራና ቀኝ እንደ ድንኳን ክንፍ የወረደ ሽቦ ነው። እሱ ድምፁን ሽቅብ ወደ ሰማይ ይልካል፤ ከሰማይ ተመልሶ ጎንደር፣ ደብረ ማርቆስ፣ ከከተማው ሥር በተኛው ሐይቅ ዙሪያ ይወርዳል። ከምሰሶው ወደ ክፍሉ የሚመጣው ገመድ ግን አንድ ብቻ ነበር። ስለዚህ ከሩቁ ወደ ቅርቡ መለወጥ በፈለገ ቁጥር መሰላል ወጥቶ ገመዱን ካንዱ ነቅሎ ሌላው ላይ ይሰካል። በዝናብ በረጠበ መሰላል ላይ እግሩ አዳለጠውና ወደቀ። ዳሌው ተሰበረ፤ ብረት ገባበት፤ ከዚያ ወዲህ እያነከሰ ነው የሚሄደው።

«ሁለተኛ እዚያ ላይ ስትወጣ ባይህ» አለችው መሪየም አልጋው አጠገብ ቆማ፣ «እኔ ደግሞ በዚያ በር ነው የምወጣው።»

እሺ አለ። ተኝቶ እያለም መላ አበጀ። ምሰሶው ጫፍ ላይ የምትሰቀል ትንሽ ሳጥን ሠራ። በውስጧ ሪሌ የሚሉት፣ ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ቀጭ ብሎ መስመር የሚለውጥ ዕቃ አለ። ኤሌክትሪኩን የሚልክላት ሌላ ሽቦ ዘርግቶ አይደለም፤ ድምፁ በሚሄድበት በዚያው ገመድ ነው። ከጠረጴዛው ማብሪያውን ሲጫን የባትሪው ኃይል በገመዱ ሽቅብ ወጥቶ ሪሌውን ይስበዋል፤ የቅርቡ አንቴና ይያዛል። ሲያጠፋው መስመሩ ወደ ሩቁ ይመለሳል።

«ሁለቱ ባንድ ገመድ ሲሄዱ አይጣሉም?» ብላ ጠየቀችው መሪየም።

«ከታችም ከላይም የሚለያያቸው አለ» አላት፤ አንዲት ጥቅልል ሽቦና አንዲት ካፓሲተር እያሳያት።

አንድ የመብራት መስመር ሠራተኛ ለምኖ ሳጥኗን አሰቀላት፤ ከዚያ ወዲህ ወደ ላይ የወጣ ሰው የለም።

ያኔ ለትርፍ ጊዜ የተሠራ ነገር ነበር። በኋላ ግን ክፉ ጊዜ መጣ፤ መንገዱ አንድ ቀን ሲከፈት ሦስት ቀን ይዘጋል፤ ስልክም ከተቋረጠ ሰንብቷል። የሙሀመድየሱፍ አንድያ ልጅ ተስኒም አዋላጅ ነርስ ናት። ከሐይቁ ማዶ ይፋግ ተመድባ ሄዳ፣ እዚያው ፈሀድ የሚባል የሩዝ ነጋዴ አግብታ ቀረች። ሙሀመድየሱፍ ከልጅነቷ ጀምሮ ሬዲዮውን አስተምሯታል፤ ፈቃድም አላት። ስትዳር ትንሽ ሬዲዮ ሠርቶ ሰጥቷት ነበር። ፈሀድ መጀመሪያ ሲያየው «ሌላው አባት ወርቅ ይሰጣል» ብሎ ስቋል። ስልኩ ከተቋረጠ በኋላ ግን በየቀኑ ከቀትር ወዲያ ከሚሰገደው የዐስር ሶላት በኋላ ሙሀመድየሱፍ ማብሪያውን ይጫናል፤ የልጁ ድምፅ ከጠረጴዛው ይወጣል። መሪየም ወንበር ስባ ትቀመጣለች። ምን እንደበላች፣ ስንት ሴት እንዳዋለደች፣ ሩዙ ምን ያህል እንዳደገ ያወራሉ። ተስኒም ራሷ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ የመጀመሪያዋ ነው።

ባለፈው ክረምት አጋማሽ ላይ አንድ ቀን ድምፅዋ ልክ አልነበረም።

«አባ፣ እማ አጠገብህ ናት?» አለች።

«አለች፤ እየሰማችሽ ነው።»

«እንግዲህ ትስማ። እግሬ አብጧል። ራሴን ያመኛል፤ ዓይኔም ብዥ እያለብኝ ነው። የደም ግፊቴን ለካሁት፤ ከፍ ብሏል። እኔ ለሰው እየነገርሁ ወደ ሆስፒታል የምልክበት ምልክት ነው፤ አሁን ራሴ ላይ አየሁት። እዚህ የሚደረግልኝን አድርገናል። ከዚህ በኋላ ሆስፒታል ነው።»

መሪየም አፏን በነጠላዋ ያዘች። በወረታ በኩል ያለውን መንገድ ጎርፍ ውጦታል፤ በሌላውም በኩል መኪና አያልፍም። የቀረው ሐይቁ ብቻ ነው።

ሙሀመድየሱፍ በማግሥቱ ወደ ሐይቁ ዳር ወርዶ አምሐ የሚባለውን የሞተር ጀልባ ባለቤት አነጋገረ። አምሐ ያደገው በዚያው ሰፈር ነው፤ ተስኒምን ሕፃን ሆና ያውቃታል። ነገሩን ሰምቶ ሳይጨርስ «ቅዳሜ በጠዋት እነሣለሁ» አለ። የርብ ወንዝ ወደ ሐይቁ የሚገባበት አፍ ላይ ሊገናኙ ተስማሙ። ሙሀመድየሱፍ ማታውን በሬዲዮ ነገራት። ፈሀድም ቃሬዛ የሚሸከሙ ሰዎች አዘጋጀ።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ዝናቡ ከመብረቅ ጋር ወረደ። አንዱ መብረቅ ከግቢው አጥር ባሻገር ወደቀ፤ የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ። ዝናቡ ጋብ ሲል አምሐ ካፖርቱ እየተንጠባጠበ መጣ።

«ጋሽ ሙሀመድ፣ ርብ አፍ አይሆንም» አለ ሳይቀመጥ። «ከዚያ የመጡ ዓሣ አስጋሪዎች አግኝቼ ነበር። ንፋሱ የእምቦጩን አረም ገፍቶ አፉን ደፍኖታል። ሞተር ቀርቶ ታንኳ አይገባበትም። ከዚያ በስተሰሜን ጀልባ የሚያወጡበት ድንጋያማ ዳርቻ አለ፤ እሱ ንጹሕ ነው። ፈሀድ ያውቀዋል። ወደዚያ እንዲመጡ ይንገሯቸው።»

«የምትጠራበት ሰዓት ደርሷል፤ አሁኑኑ እነግራታለሁ» አለ ሙሀመድየሱፍ፤ ማብሪያውንም ተጫነ።

ማብሪያው ሲበራ የሬዲዮው ጩኸት ሁልጊዜ ይለወጣል፤ ከቀጭን ሹክሹክታ ወደ ወፍራም ጉምጉምታ። አሁን አልተለወጠም። አጥፍቶ አበራው። አሁንም ያው ነው። ገመዱን ነቅሎ መለኪያውን ሰካበት፤ ኤሌክትሪኩ ሽቅብ አይሄድም። አንድ ባትሪ ጨመረበት፤ ሁለቱን አያይዞ ላከ። ምንም የለም።

«ምን ሆነ?» አለች መሪየም።

«ላይኛው ሳጥን ሞቷል። መብረቁ ነው። መስመሩ ሩቁ ላይ ቀርቷል።»

ሩቁማ ይሠራል። አንድ የጣሊያን ሰው አብሯቸው ክፍሉ ውስጥ የተቀመጠ ይመስል ጥርት ብሎ እየተጣራ ነበር። ሙሀመድየሱፍ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ችግሩን ነገረው፤ ልጄ በምታዳምጥበት ሞገድ ጥራልኝ አለው። ሰውየው ደነገጠ፤ ደግ ሰው ነበር፤ ስሟን እያጣመመ ደጋግሞ ጠራት። ከዚያ ተመልሶ «አልሰማኋትም፤ እሷም የሰማችኝ አይመስለኝም፤ ይቅርታ ወዳጄ» አለ። ድምፁ ጣሊያን ድረስ የሚሰማው ሙሀመድየሱፍ ሐይቁ ማዶ ያለች ልጁ ዘንድ መድረስ አቃተው።

ከሱቁ የኤሌክትሪክ ሽቦ ጥቅል አምጥቶ በዝናቡ ውስጥ በአጥሩ ላይ፣ በልብስ ማስጫው ላይ፣ በበሩ መቃን ላይ ዘረጋው። ከሰው ቁመት እንኳ ከፍ አላለም። ከሬዲዮው ጋር አያያዘውና ቁጭ አለ። መጀመሪያ የዝናቡ ጩኸት ብቻ ነበር። ከዚያ ከጩኸቱ ሥር ቀጭን ድምፅ መጣ።

«አባ… አባ፣ ትሰማኛለህ?»

መሪየም ጮኸች። ሙሀመድየሱፍ የማይክሮፎኑን አዝራር ጨምቆ «ሰምቼሻለሁ! ተስኒም፣ ሰምቼሻለሁ! ወደ ርብ አፍ እንዳትሄዱ!» አለ። አዝራሩን ለቀቀ።

«…አባ፣ ትሰማኛለህ? እኔ ምንም አልሰማሁ…»

ደግሞ ጮኸ። መብራት ከጠፋ ሰንብቷል፤ ባትሪው ደክሟል፤ አጥር ላይ የተንጠለጠለ ሽቦ የሰውን ድምፅ ወስዶ ማድረስ አልቻለም። እሱ ግን ይሰማታል። ትንፋሿ እየተቆራረጠ፣ ቃሏን እየጣለች እያነሣች ትናገራለች።

«አባ፣ ከሰማኸኝ… ነገ ሲነጋ እንነሣለን። ርብ አፍ። ከመነሣታችን በፊት አንድ ጊዜ እጠራሃለሁ… ራሴን በጣም ያመኛል። ለእማ አትንገራት።»

መሪየም አጠገቡ ቆማ ነበር። ወደ ጓዳ ገብታ ሶላት መስገጃዋን ስትዘረጋ ሰማት።

ሙሀመድየሱፍ ገና ብርሃን ሳለ እያነከሰ ሰፈሩን ዞረ። ሳጥኗን የሰቀለለት የመስመር ሠራተኛ አገር ለቋል። ሌላ አንድ ብየዳ የሚሠራ ሰው አገኘ፤ ሰውየው ምሰሶውን ከደጅ ሆኖ ቀና ብሎ አየውና ራሱን ነቀነቀ። «ጋሽ ሙሀመድ፣ ብረቱ ዝጓል፤ ሰማዩ አሁንም ያጉረመርማል። ደግሞስ በዚህ ጊዜ ምሰሶ ላይ ወጥቼ ሽቦ ስነካካ የሚያየኝ ምን ይላል? ልጆች አሉኝ፤ ይቅር በሉኝ።» ሊቆጣው አልቻለም። ቤቱ ሲመለስ መሸ፤ ዝናቡም እንደገና ወረደ።

ሲነጋጋ ሱብሒ ሰግዶ ሲወጣ መሰላሉን ራሱ ምሰሶው ላይ አስደገፈው። ጤነኛ እግሩን አስቀደመ፤ ሁለት እርከን ወጣ። ሦስተኛው ላይ ዳሌው ውስጥ ያለው ብረት እንደ ቢላ ወጋውና ተንጠልጥሎ ቀረ፤ ወደ ላይም ወደ ታችም አልሆነለትም። መሪየም ሮጣ መጥታ ወገቡን አቀፈችው። ያ የድሮው ቃሏ ትዝ ብሎት ፊቷን ፈራው። እሷ ግን እንደዚያ አላለችም።

«አንተ አትችልም» አለችው እያለቀሰች። «ላይ መውጣት ካልተቻለ፣ እሱን ወደ ታች አናወርደውም?»

ሙሀመድየሱፍ ምሰሶውን አየው። ዕድሜውን ሙሉ ያቆመው ነው። ዘንጉን በገዛ እጁ መዝኖ ቆርጦ ሠርቶታል። ከወደቀ አይተርፍም።

«ፒንሳውን አምጪው» አለ።

አምሐ ሊሰናበታቸው ሲመጣ እነሱን ወጣሪ ሽቦ ሲፈቱ አገኛቸው። ነገሩን አልጠየቀም፤ አንዱን ሽቦ እጁ ላይ ጠቅልሎ ያዘ። መሪየም ሌላውን ያዘች። ሙሀመድየሱፍ የመጨረሻውን ሽቦ ቆረጠ። ምሰሶው መጀመሪያ በቀስታ አዘነበለ፤ ከዚያ ክብደቱ አሸነፋቸው፤ ሽቦው የመሪየምን መዳፍ ልጦ ከእጇ ሾለከና ምሰሶው የኩሽናውን ቆርቆሮ ደርምሶ ወደቀ። ዘንጉ ከሁለት ቦታ ታጠፈ። ጎረቤት ሁሉ ወጣ።

ሳጥኗ ጭቃ ውስጥ ነበረች። ሲከፍታት ሪሌው ላይ የተጠቀለለው ሽቦ ከሰል ሆኗል። ነቅሎ ጣለው፤ ገመዱንም በቀጥታ ከቅርቡ አንቴና ጋር ቋጠረው። ከእንግዲህ የሚቀያየር ነገር የለም። የአንቴናውን ሽቦ ወገብ በረጅም እንጨት ጣሪያው ላይ አቆሙት፤ አንዱን ጫፍ ማንጎው ላይ፣ ሌላውን በሩ ላይ አሰሩት። አንድ ጎረቤት የመኪናውን ባትሪ ፈትቶ አመጣ። ይህ ሁሉ ሲሆን ፀሐይ ወጥታ ነበር።

«ተስኒም፣ ተስኒም፣ አባትሽ ነኝ።»

ዝም።

ደግሞ ጠራ። ዝም። እጠራሃለሁ ያለችበት ጊዜ አልፏል። ወጥተዋል፤ ቃሬዛው ወደ ርብ አፍ እየሄደ ነው። እምቦጩ ዳር ደርሰው፣ ረግረጉ ውስጥ ቆመው፣ የማትመጣ ጀልባ ሊጠብቁ ነው።

አምሐ በሩ ላይ ቆሞ ሰማ። «እኔ ድንጋያማው ዳርቻ ላይ እጠብቃለሁ» አለ። «ሌላ የምገባበት የለም። እነሱን ማዞር የእርስዎ ነው።» ይህን ብሎ ወደ ሐይቁ ወረደ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጠዋት ሙሀመድየሱፍ ሲያስታውሰው የራሱ ድምፅ ብቻ ነው የሚመጣለት። ይጠራል፤ ያዳምጣል፤ ይጠራል። ጉሮሮው ሲደርቅ መሪየም በጨርቅ በተጠቀለለ እጇ ውኃ ታቀብለዋለች። አንድ ጊዜ ማይክሮፎኑን ቀማችውና «ልጄ፣ እኔ ነኝ፤ በአላህ መልሺ» አለች፤ አዝራሩን ግን አልተጫነችውም ነበር። እሱም አልነገራትም።

ወደ እኩለ ቀን ገደማ ጩኸቱ ውስጥ አንድ ነገር ተንኮሻኮሸ። የወንድ ድምፅ ነበር።

«…ይሄን ነው የሚጫኑት? አባ? አባ፣ እኔ ፈሀድ ነኝ።»

«ፈሀድ! እሰማሃለሁ! የት ናችሁ?»

«መንገድ ላይ ነን። አንቀጠቀጣት፣ አባ። ጥርሷን ነከሰች። አሁን ቆሟል፤ ግን ራሷን አታውቅም። ስጠራት አትመልስም። እሷ ስታደርግ እንዳየሁት ሽቦውን ግራር ላይ ወረወርሁት፤ ሌላ የማደርገው ቢጠፋኝ ነው…» ፈሀድ አለቀሰ።

«ስማኝ፤ አልቅስ ግን ስማኝ። ርብ አፍ እንዳትሄድ። እምቦጭ ዘግቶታል። ከዚያ በስተሰሜን ዓሣ አስጋሪዎች ጀልባ የሚያወጡበት ድንጋያማ ዳርቻ አለ። ታውቀዋለህ?»

«አውቀዋለሁ።»

«አምሐ እዚያ ነው። በጎኗ አስተኛት፤ ቶሎ ሂዱ። ሂድ፣ ልጄ።»

«እሺ አባ» አለ ፈሀድ፤ ድምፁም ጠፋ።

ሙሀመድየሱፍና መሪየም ከዐስር ሶላት ጀምሮ ሐይቁ ዳር ቆሙ። ንፋሱ ማዕበል አንሥቶ ነበር። ፀሐይዋ ልትገባ ስትል የአምሐ ጀልባ ብቅ አለች። ፈሀድ ጭንቅላቷን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ዓይኗ ተከፍቷል፤ ሰው ግን አትለይም። መሪየም ከልብሷ ሥር የጎደለውን የልጇን ሆድ ስታይ ውኃው ውስጥ ገብታ የጀልባዋን ጠርዝ ያዘች።

«ዳርቻው ላይ ወለደች» አለ አምሐ ዝቅ ብሎ፣ ለሙሀመድየሱፍ ብቻ። «እስትንፋስ አልነበረውም። የመንደሩ ሰዎች ረድተውን ፈሀድ እዚያው ቀበረው። መቆየት አልቻልንም።»

ተስኒም ሆስፒታል ብዙ ሰነበተች። ዳነች። ዓይኗ ቀስ እያለ ተመለሰ፤ ንግግሯም ተመለሰ። ወደ አባቷ ቤት ገብታ ስትተኛ የጠፋው ምሰሶ ቦታ ላይ ሰማይ ብቻ እያየች ምንም አልጠየቀችም። አንድ ቀን ግን፣ አባቷ መድኃኒቷን ሲያቀብላት፣ «ያን ዕለት ዓርብ ስጠራህ አልሰማኸኝም አይደል?» አለችው።

«ሰምቼሻለሁ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። መልሼልሽ ነበር፤ አንቺ ዘንድ ግን አልደረሰም።»

እጁን ያዘችው። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ቀን አላወሩም። ፈሀድ ግን በየዕለቱ ስለ ዳርቻው ይነግራታል፤ በሕፃኑ መቃብር ራስጌ ጠፍጣፋ ድንጋይ እንዳቆመ፣ ቦታው ከአንዲት ሾላ ግርጌ እንደሆነ፣ መንገድ ሲከፈት አብረው እንደሚሄዱ። ስትሰማው ፊቷ ይረጋል።

መስከረም ገብቶ ሐይቁ ሞልቶ ነበር። ሙሀመድየሱፍ ወደ ሱቁ ሲሄድ አምሐ ጠርቶ መንገድ ዳር አስቆመው። ወደዚያ ዳርቻ ጭነት አድርሶ መምጣቱ ነው።

«ውኃው ወጥቷል፣ ጋሽ ሙሀመድ» አለ። «ሾላዋ ግማሽ ድረስ ውኃ ውስጥ ናት። ድንጋዩን ፈልጌ አጣሁት።»

ሙሀመድየሱፍ ሱቁን ሳይከፍት ወደ ቤቱ ተመለሰ። ተስኒም ማንጎው ሥር ተቀምጣ አጥሚት ትጠጣ ነበር።

«ምነው ተመለስህ?» አለችው።

«አምሐን አገኘሁት።»

«ከማዶ መጣ? ምን አለህ?»

መሪየም ከጓዳ ብቅ ብላ የባሏን ፊት አየች። እሱ የሚመረኮዝበትን በትር አጥሩ ላይ አስደግፎ ከልጁ አጠገብ በቀስታ ተቀመጠ።

«ሰላም በላት ብሎኛል» አላት።